የአያ ጅቦ ጽዳትና የእመት አህይት እናት ድምፅ

አንድ ጊዜ፣ የጫካ እንስሳት እንኳ «ዲስኩ ሞላ» ብለው በሚጨነቁበት ዘመን፣ ከግራሩ ጫካ ወዲያ ባለ ዋሻ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። የማንም የግል ንብረት አልነበረም። የገዛው የጫካው እድር ነው። ድንኳኑንና ትልልቆቹን የብረት ድስቶች ሲገዛ እንዳደረገው ሁሉ፣ አሁንም ሁሉም እንደ አቅሙ አዋጣ። ከዋሻው በላይ ካለው አለት ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተጋድሟል። ጠዋት ጠዋት እንሽላሊቶች ፀሐይ እየሞቁበት ቢያስቸግሩም፣ ኮምፒውተሩ መብራት አጥቶ አያውቅም።

ያዘጋጀችው ጦጢት ናት። ጦጢት ከተማ ዳር ባለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ስታይ የከረመች ናት፤ ዓይኗ ያየውን እጇ አይረሳም። ሊኑክስ የሚባለውን ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ሥርዓት ጫነችበትና የእድሩን አባላት ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦

«እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አጥር አለው። የአንዱ ጣጣ ወደ ሌላው አይዘልም። አያ ጅቦና እመት አህይት በአንድ በረት የማያድሩት ለምንድን ነው? እንደዚያው ነው።»

«ተመስገን» አለች እመት አህይት።

«ግን ሁሉም የየራሱን ድስት ይግዛ ቢባል ቦታ አይበቃም። ስለዚህ ከአጥሮቹ ሥር መሠረት የሚባል ነገር አለ። አንዱ መሠረት ብዙ ፕሮግራሞችን ይሸከማል። እንደ እድራችን ድስት ቁጠሩት። የአንድ ቤት አይደለም፤ ሁሉም ቤት ግን ይቀቅልበታል።»

አያ አንበሶ እንደገባው ለማሳየት ጎፈሩን ነቀነቀ። እመት ቀበሮ ከሁሉ ቀድሞ ገብቷት ነበር። አያ ጅቦ ግን ከንግግሩ ሁሉ የሰማት «ድስት» የምትለዋን ብቻ ስለነበረ፣ ወዲያ ወዲህ እየዞረ ያሸት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናው ተጠቀመበት። አያ አንበሶ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ከዋሻው አይወጣም፤ ጎፈሩ ከረጠበ ንጉሥነቱ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። እመት ቀበሮ «ጥናት ይዣለሁ» እያለች ስክሪኑን ወደ ጥግ አዙራ ትቀመጣለች። ምን እንደምታጠና የጠየቃት የለም፤ ቀበሮን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

እመት አህይት የምትመጣው ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። ከመሞታቸው በፊት ጦጢት ድምፃቸውን በድምፅ መቅጃው ፕሮግራም ቀድታ አስቀምጣላት ነበር። የተቀዳው ንግግር አይደለም፣ ምክርም አይደለም። አሮጊቷ ጠዋት ተነሥተው አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያናፉት ያ የዘወትር ማናፋት ነው። የአህያ ጩኸት እንደ ክራር ይጥማል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ለእመት አህይት ግን ከዚያ የሚጥም ድምፅ በምድር ላይ አልነበረም፤ የእናት ነዋ! አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። «ውርንጭላዬ ከማንም በፊት የአያቱን ድምፅ ይስማ» የምትለው ነገር እንቅልፍ ይነሣታል። ሌላ ምኞት የላትም።

ኮምፒውተሩን መጠበቅ በተራ ነው። ሲዞር ሲዞር ተራው አያ ጅቦ ጋ ደረሰ። ጅብን ቆዳ አስጠብቆ የሚሆነውን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን እድር እድር ነው፣ የአንዱ ተራ አይታለፍም። አያ ጅቦም በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም የሚጫንበትን ቦታ አገኘ። ከየፕሮግራሙ ሥር «ነፃ» ይላል።

«ነፃ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል እመት ቀበሮን ጠየቃት።

«ምንም አይከፈልበትም ማለት ነው።»

«ምንም ሳይከፈልበት! ታዲያ የሚተወው ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

እንዲህ ብሎ ጀመረ። ከሦስት በላይ መቁጠር አይችልም፤ ግን የሒሳብ ማሽን ባየ ቁጥር ጫነ። ክንፍ ሳይኖረው የአውሮፕላን ማብረሪያ ጫነ። ቼዝ ጫነና ፈረሱ ደስ ስላለው ስክሪኑን ነከሰው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ደግሞ ያረጁ ናቸው፤ በአዲሱ መሠረት ላይ አንቆምም፣ የለመድነውን አምጡልን ይላሉ። ስለዚህ አሮጌ መሠረት ተከትሏቸው መጣ፤ ለሌላው ደግሞ ከዚያ የባሰ አሮጌ መጣ። አያ ጅቦ ይህን አላየም። ሆዱ ሞልቶ የማያውቅ እንስሳ ዲስክ ይሞላል ብሎ እንዴት ያስብ?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ አንበሶ ዝናብ ሊያይ ገባ። ኮምፒውተሩ አንድ መስመር ጻፈለት፦ «ቦታ የለም።»

«ለማነው ቦታ የሌለው?» አለ አያ አንበሶ። «ለእኔ?»

«ለሁላችንም ነው ጌታዬ» አለች እመት ቀበሮ ለስለስ ብላ። «ሞልቷል።»

«ጦጢት የት አለች?»

«ወንዝ ተሻግራ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች።»

አያ አንበሶ ክፉ አይደለም። ትዕግሥት ግን የለውም፤ ንጉሥ ሆኖ ትዕግሥት ማን ያስተማረዋል? «እንግዲያው አያ ጅቦ፣ ተራው ያንተ ነው፣ አጽዳው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተስተካከለ ጦጢት መጥታ ሁሉንም ሙልጭ አድርጋ ታጥፋው። ከባዶ እንጀምራለን።»

ከበሩ አጠገብ የቆመችው እመት አህይት ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ የእናቴ ድምፅ እኮ አለበት። ሌላ የትም የለም።»

«አዝናለሁ እመት አህይት። ደግሞስ ያስደሰተኝ መሰለሽ?» አለና አያ አንበሶ ወደ ጥላው ሄደ።

እመት አህይት ለቅሶ አላበዛችም። ድርስ እርጉዝ ሆዷን እያወዛወዘች ጦጢትን ፍለጋ ወደ ወንዙ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። መንገዱ ጠጠር ነው፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም የኖረች ናት፣ የዚያን ዕለት የተሸከመችውን ያህል የከበዳት ግን አልነበረም።

እሷ ስትሄድ እመት ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ተጠጋች። የራሷ ምክንያት አላት። ያ «ጥናት» የምትለው ነገር የዶሮ ፊልም ነው። የሚጭሩ ዶሮዎች፣ ቆጥ ላይ የሚያንቀላፉ ዶሮዎች፣ ኩስ ኩስ የሚሉ ጫጩቶች፤ ዲስኩ ላይ ጎተራ ሙሉ አከማችታለች። በቅርቡ እንዳይነቃባት ብላ ፊልም ማሳያውን ፕሮግራም አስወጥታ ነበር። ፊልሞቹ ግን እንዳሉ ቀርተዋል፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«አያ ጅቦ፣ ቦታውን የሞላው ምን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ንገሪኝ እስቲ።»

«የአህያዋ እናት ጩኸት ነዋ! እስከ ወንዙ ማዶ የሚሰማ ጩኸት ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አንተው አስበው።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ራሱን አመመው። «እውነትሽን ነው» አለ።

እውነቷን አልነበረም። ያ ቅጂ በጎተራ ውስጥ እንደወደቀች አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ነበር።

አያ ጅቦ ጽዳቱን ጀመረ። መጀመሪያ የሒሳብ ማሽኖቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ ከስክሪኑ ላይ አነሣ። «ጠራ! ጠራ! እዩ እንዴት እንደጠራ!» እያለ ጨፈረ። ኮምፒውተሩ ግን «ቦታ የለም» አለ። እንዴት ይኑር? ሥዕሉን ከስክሪን ማንሣት የቤት ቁጥር ከበር ላይ እንደ መንቀል ነው፤ ባለቤቱ ከነዕቃው እቤቱ ተቀምጧል። ቀጥሎ በእመት ቀበሮ ምክር የድምፅ መቅጃውን አስወጣ። አሁንም ቦታ የለም።

ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ዘለቀና ከሁሉ የሚተልቀውን ነገር አገኘ። መሠረቱ ነበር፣ ያ ሁሉም የሚቆምበት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ አያ ጅቦ። «ሲከፈት አይቼው አላውቅም። ሥዕል የለው፣ ዘፈን የለው! ዝም ብሎ ተኝቶ ቦታ ይበላል!» ብሎ በመዳፉ ረግጦ አጠፋው።

የእድር ድስትም እንዲሁ ነው፤ ለቅሶ እስኪመጣ ድረስ ጓዳ ተደፍቶ ለቆጠረው ሁሉ ትርፍ ይመስላል። ወዲያው የዝናቡ ፕሮግራም ልክፈት ብሎ ወደቀ። የዘፈኑ ወደቀ። የቀን መቁጠሪያው ወደቀ። ለመነሣት የሞከረው ሁሉ «መሠረቴ የለም» እያለ ይመለሳል።

«ጌታዬ፣ ቦታ ተገኘ!» ሲል ጮኸ አያ ጅቦ።

አያ አንበሶ ገብቶ ስክሪኑን አየ። «ቦታውስ ተገኘ። ዝናቤስ?»

አያ ጅቦ ዝናቡን ከጠረጴዛው ሥር ፈለገ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ አፈሰሰ እንጂ የሚለቅመውን እንኳ አላወቀም። አያ አንበሶ ያን ጊዜ ያገሣው ግሣት ከአለቱ ላይ እንሽላሊቶቹን አራገፋቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት አህይት በላብ ተጠምቃ ደረሰች። ጦጢት ጀርባዋ ላይ ናት። እመት አህይት ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። የድምፅ መቅጃው ሥዕል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እዚያው በቆመችበት እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ቁልቁል ወረደ።

ጦጢት ከጀርባዋ ወርዳ ነገሩን አንድ በአንድ ሰማች። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ ዞረች።

«ማንን ጠይቀህ ነው ያጠፋኸው?»

«ማንን ልጠይቅ? ዕቃ አፍ አለው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ! የትኛው ፕሮግራም በየትኛው መሠረት ላይ እንደቆመ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንተ የምታየው ትልቅነቱን ብቻ ነው። ትልቅ ሁሉ ትርፍ ቢሆን ኖሮ አያ አንበሶን ማን ያስቀምጠው ነበር?»

አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

ጦጢት ተቀምጣ ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያ አያ ጅቦ ሥዕላቸውን ብቻ ያነሣቸውን የሒሳብ ማሽኖች በወጉ ከነአጥራቸው አስወጣች። አያ ጅቦ ከአጠገቧ ቆሞ ያቃስታል።

«እሷን ተይልኝ ጦጢት፣ እወዳታለሁ።»

«ስሟ ማነው?»

«እ... ስሟን እንኳ አልተዋወቅንም።»

«እንግዲያው ደህና ሰንብቺ በላት።»

ከዚያም ኮምፒውተሩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ አሁን ማንም የማይቆምበት መሠረት የትኛው ነው? ኮምፒውተሩ አሮጌውን መሠረትና ከእሱ የባሰ አሮጌውን አወጣና አሳየ። የቆሙባቸው የአያ ጅቦ ማሽኖች ሄደዋል፤ የሚፈልጋቸው የለም። ጦጢት «ይውጡ» ስትል እንዲያ ያስጨነቀው ዲስክ ወዲያው ተነፈሰ። በተገኘው ቦታ ላይ ያን የጠፋውን ትልቅ መሠረት መልሳ ከኔትወርክ አወረደች። ኔትወርኩ ከኮረብታው እየተንፏቀቀ ስለሚመጣ ሁሉም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። በመጨረሻ የዝናቡ ፕሮግራም ብድግ አለና «ነገ ብራ ነው» አለ። አያ አንበሶ ጎፈሩን በኩራት ነሰነሰ።

«አሁን የቀረው የተተወ ዕቃ ነው» አለች ጦጢት። «ፕሮግራም ሲወጣ ዕቃውም ይውጣ ካልተባለ፣ ዕቃው አጥሩ ውስጥ ይቀራል። ይኸው እነዚህ ናቸው።»

እመት ቀበሮ ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ተነሣች። «ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ኮተት ነው፤ ምን ያስቆጥራል! አያ ጅቦ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ጥረገው። ተራው ያንተ አይደል? ስህተትህን ካስ!»

አያ ጅቦ መካስ ፈልጎ ነበር፤ ምስኪን። መዳፉን አነሣ። እመት አህይት እንባዋ እየወረደ አንድ እርምጃ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። መዳፉ አየር ላይ እንዳለ የአያ ጅቦ ዓይን ከእመት አህይት ዓይን ጋር ተገናኘ። ሥጋዋን እያሰበ አይቷት ያውቃል፣ ስታለቅስ ግን አይቷት አያውቅም። ጅብ ሞኝ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይማርም። የዚያን ቀን የተማራት አንዷ ነገር ግን ራሱ ውስጥ ቀርታ ነበር።

«ቆይ» አለ። «ማንን ጠይቀን ነው?»

ጦጢት ዞራ አየችው፤ አሁን ገና ወደደችው።

አያ ጅቦ በድፍረት ወደ ስክሪኑ ተጠጋና፣ ጦጢት የወጣውን ፊልም ማሳያ መልሳ ስትጭንለት፣ የመጀመሪያውን ዕቃ ከፈተ። «ይህ የማን ነው?» ብሎ ዋሻው እስኪያስተጋባ ጠየቀ። ከስክሪኑ ላይ አንዲት ወፍራም ዶሮ ክንፏን አራገፈች። ቀጥሎ ሌላ ዶሮ መጣች። ቀጥሎ ቆጥ ሙሉ።

እመት ቀበሮ ጣሪያውን ትመረምር ጀመር።

«እመት ቀበሮ» አለ አያ አንበሶ፣ «ያ ጥናትሽ ይህ ነው?»

«ስለ ዶሮ ጤንነት ነው ጌታዬ። ለእነሱው አስቤ።»

«እሱ ይቆይልን ጌታዬ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁ እየወረደ። «የማን እንደሆነ ታውቋል እኮ! የእሷ ነው፤ የእኔም ይሁን!»

«ከእድሩ ቦታ ላይ ይውጣ!» አለ አያ አንበሶ፤ ወጣም። የዲስኩ ግማሽ ያህል ተከፈተ። እመት ቀበሮ ጭራዋን አጥፋ ወደ ጥግ ሄደች፤ ያኮረፈችው ግን እራት እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው፤ እድሩም ቅጣቱን ድንኳን ማጠብ አድርጎ አለፈላት።

ከታች አንዲት የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ዕቃ ቀረች። አያ ጅቦ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ያለ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች እመት አህይት። «የእናቴ ነው።»

ጦጢት የድምፅ መቅጃውን ፕሮግራም እንደገና ጫነችው። ፕሮግራሙ ወደ ድሮው አጥሩ ተመልሶ ሲገባ ዕቃውን እንዳስቀመጠው አገኘው። ጦጢት አንዴ ጫን አደረገች።

ከዚያም አሮጊቷ አናፉ። መጀመሪያ ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል፤ ከዚያ ያ ሻካራ፣ ረጅም፣ ማፈር የሌለበት ጩኸት ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ዋሻውን ሞላው። አያ አንበሶ ጨዋ ስለሆነ ጎፈሩን የሚያበጥር መስሎ ጆሮውን ያዘ። እመት አህይት ዓይኗን ጨፍና ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና አንገቷን እናቷ ትከሻ ላይ ታሳርፍ እንደነበረው ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

አያ ጅቦ ግን ደርቆ ቀረ። ምላሱ ቀስ ብሎ በላይኛው መንጋጋው በኩል ወዳለው ክፍተት ሄደ።

«ይህቺን ድምፅ አውቃታለሁ!» አለ። «ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘኋት፣ ጎኗን ልይዝ ስል እንዲህ ብላ ጮኻ በኋላ እግሯ... ይህን ጥርሴን ያወለቀችው እሷ እኮ ናት!»

እመት አህይት እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ጦጢትም ሳቀች፣ አያ አንበሶም ጆሮውን ለቅቆ ሳቀ፤ ይባስ ብሎ ራሱ አያ ጅቦ ጥርሰ ጎደሎ አፉን ከፍቶ አብሯቸው ሳቀ። ቅጂው አልቆ እንደገና ሲጀምር እመት አህይት ድንገት ሳቋን አቋርጣ ሆዷን ዞራ አየች። ሆዷ በአንድ በኩል ጉብ ብሎ ተመለሰ።

«ሰማ!» አለች። «አያቱን ሰማ! ረገጠኝ!»

አያ ጅቦ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ከዋሻው በር ደረሰ። «ገና ሳይወለድ!» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቦታ በጠበበን ጊዜ ለመጣል ከመቸኮላችን በፊት «ይህ የማን ነው? ማንስ ቆሞበታል?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው፤ ለእኛ ኮተት የመሰለን ነገር ለጎረቤታችን እናቱ ልትሆን ትችላለችና።